«አዲስ ቴአትር አያመልጠኝም፤ ጓደኞቼ ግን አብረውኝ መሄድ ትተዋል»

ውድ «የመጋረጃው ወዳጅ»፤

ደብዳቤዎ ደርሶኛል፤ ሳይደብቁ በዝርዝር ስለጻፉልኝም አመሰግናለሁ። ሙሉውን ለማተም ቦታው ስለማይበቃ፣ ሌሎች አንባቢያን ጉዳዩን እንዲከተሉት ፍሬ ነገሩን ላስቀምጥ። ቴአትር ከልጅነትዎ ጀምሮ እንደሚወዱ፣ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ስማቸው የገነነውን ተውኔቶች ትተው ገና መድረክ ያላዩትን ብቻ እንደሚጠባበቁ፣ አዲስ ሥራ ሊመረቅ ነው ሲባል እንቅልፍ እንደሚያጡ፣ በምርቃቱ ማግስትም የሚያውቁት ሰው ሁሉ ዘንድ እየደወሉ «ይህን ሳታዩ እንዳታልፉ» እንደሚሉ ነግረውኛል። ምክርዎን ሰምተው የሄዱት ወዳጆችዎ ግን ከአንድም ሁለት ሦስት ጊዜ ተሰላችተው ተመልሰዋል፤ አንዳንዶቹ በዕረፍት ሰዓት እንደወጡ ቀርተዋል፤ የቅርብ ጓደኛዎም «ላንተ አዲስ ከሆነ ሁሉም ጥሩ ነው» ብሎ ቅስምዎን ሰብሮታል። በዚህ መሐል አንድ ወጣት ጸሐፊ የተውኔቱን ረቂቅ ሰጥቶ አስተያየትዎን ቢጠይቅዎ፣ በራስዎ ፍርድ መተማመን ስላቃተዎ ረቂቁን ይዘው ተቀምጠዋል። «ፍቅሬ ጥልቀት የሌለው ነው? ሰው መጋበዝስ ልተው? ለወጣቱስ ምን ልበለው?» ሲሉ ይጠይቁኛል።

ጓደኛዎ የተናገረው ግማሹ እውነት ነው፤ እርስዎ ግን ከሚገባው በላይ አክብደው ይዘውታል። አዲስ ነገርን መውደድና አዲስ ተውኔትን መውደድ የሚመሳሰሉት ከሩቅ ሲታዩ ነው። አዲስ ነገርን የሚወድ ሰው ሌላ አዲስ ነገር ሲመጣ የመጀመሪያውን ይረሳዋል፤ አዲስ ተውኔትን የሚወድ ሰው ግን ያየው ሥራ ከምርቃቱ በኋላ ምን እንደደረሰበት፣ የትኛው ትዕይንት እንደተቆረጠና የትኛው እንደዳበረ፣ ተዋንያኑ ከሳምንታት በኋላ እንዴት እንደያዙት ማወቅ ይፈልጋል። በደብዳቤዎ ውስጥ የሁለቱንም ምልክት አይቻለሁ። ባለፈው ዓመት ስላዩት አንድ ተውኔት ሲጽፉልኝ፣ እናትየዋ የልጇን ሻንጣ እያዘጋጀች አጥፋ ያስገባችውን ልብስ መልሳ እያወጣች እንደገና ስታጥፈው፣ አንድ ቃል ሳትናገር «አትሂድብኝ» ስትለው እንደታየዎት ገልጸዋል። ይህን ያስተዋለ ሰው ፍቅሩ ጥልቀት የለውም ሊባል አይችልም። ነገር ግን ያንኑ ተውኔት ዳግም አይተውት እንደሆነ አልነገሩኝም፤ ቀጣዩ ዐረፍተ ነገርዎ ወዲያውኑ ወደ ሌላ ምርቃት ያልፋል።

በጉጉትዎ ሊያፍሩ አይገባም። ለአዲስ ተውኔት መጓጓት፣ የታወቁ ሥራዎችን ብቻ ከሚያከብሩት ሰዎች ምርጫ ይልቅ በዕድሜ የሚበልጥ ስሜት ነው። በጥንታዊቷ አቴንስ የወይን አምላክ ለሚባለው ለዲዮኒሶስ በሚከበረው በዓል ላይ የሚወዳደሩት ትራጄዲዎች ለዚያው ውድድር የተጻፉ አዳዲስ ሥራዎች ነበሩ፤ የቀድሞ ዘመን ትራጄዲ በበዓሉ ላይ እንደገና መቅረብ የጀመረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ386 ዓመት ነው። የእነኤስኪለስንና የሶፎክልስን፣ የዚያን ዘመን ታላላቅ ጸሐፊዎች፣ ተውኔቶች በመጀመሪያ ያየው ሕዝብ እንደ እርስዎ ከዚህ በፊት ያልታየ ነገር ለማየት የመጣ ሕዝብ ነበር ማለት ነው። ነገር ግን የዚያ ዘመን ውሳኔ ሁሉ የጸና አልነበረም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ431 ዓመት ዩሪፒደስ «ሜዲያ»ን ጨምሮ ለውድድር ያቀረባቸው ሥራዎች ከሦስት ተወዳዳሪዎች መካከል ሦስተኛ፣ ማለትም መጨረሻ፣ ወጥተዋል። ዛሬ «ሜዲያ» በየአገሩ ይታያል፤ በዚያ ዓመት አንደኛ የወጣው የዩፎርዮን ሥራ ግን ለእኛ አልደረሰም።

እንግዲህ ልመክርዎ የምፈልገው ነገር አንድ ነው፤ ሌላው ሁሉ ከእርሱ የሚከተል ነው። አዲስ ተውኔት በምርቃቱ ዕለት ያለቀ ሥራ አይደለምና፣ የምርቃቱን ዕለት እንደፈለጉ ይሂዱ፣ ነገር ግን ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ያንኑ ተውኔት ሁለተኛ ጊዜ እስኪያዩት ድረስ ለማንም ስልክ አይደውሉ።

ይህን የምለው ለጥንቃቄ ያህል ብቻ አይደለም። ሪቻርድ ብሪንስሊ ሸሪደን የ23 ዓመት ወጣት ሳለ የጻፈው «ተቀናቃኞቹ» የተባለ ኮሜዲ እ.ኤ.አ. ጥር 17 ቀን 1775 ለንደን ውስጥ በኮቨንት ጋርደን ቴአትር ቤት ሲከፈት፣ ተመልካቹ በጩኸትና በፉጨት ነው የተቀበለው። ተውኔቱ ከመጠን በላይ ረዝሟል፤ አንዳንድ ቀልዱ አስነውሯል፤ ከተዋንያኑም አንዱ የተሰጠውን ገጸ ባሕርይ ጨርሶ አልያዘውም። ጸሐፊው ሥራውን ከመድረክ አወረደው፤ ቆረጠው፣ ደግሞ ጻፈው፣ ተዋናዩም በሌላ ተተካ፤ በዚያው ወር በ28ኛው ቀን እንደገና ሲከፈት ተመልካቹ በደስታ ተቀበለው፤ እስከ ዛሬም ድረስ ይታያል። በእነዚያ 11 ቀናት መካከል ለወዳጆቹ ሁሉ «አይረባም» እያለ የተናገረ ሰው ቢኖር ስላየው ነገር እውነቱን ተናግሯል፤ የተናገረለት ተውኔት ግን ከዚያ በኋላ አልነበረም።

በጊዜያችንም በብዙ አገሮች ያሉ ትልልቅ ቴአትር ቤቶች ከይፋዊው ምርቃት በፊት ሕዝብ እየከፈለ የሚገባባቸው የሙከራ ትርኢቶች አሏቸው፤ በእነዚያ ቀናት ማታ የታየው ትዕይንት በማግስቱ ቀን ልምምድ ላይ ይቆረጣል ወይም ይለወጣል። ይህ ዕድል በሌለበት ቦታ ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራሳቸው የሙከራ ጊዜ ይሆናሉ፤ ማስታወቂያው ላይ እንዲህ ብሎ የሚጽፍ ባይኖርም።

ለውጡ የት የት እንደሚታይ ላሳይዎ፤ ሁለተኛ ሲሄዱ በዓይንዎ ይፈልጉታል። በምርቃቱ ዕለት ተዋናዩ ሳቁ የት እንደሚመጣ አያውቅም፤ በልምምድ ወራት የሰማው ሳቅ የአዘጋጁንና የባልደረቦቹን ብቻ ነው። ስለዚህ ሳቅ ባልጠበቀበት ቦታ ይፈነዳበትና ቀጣዩን ቃል በላዩ ላይ ይናገራል፤ ቃሉ ይዋጣል፤ ተመልካቹም ኋላ የሚያስፈልገውን ነገር ሳይሰማ ያልፋል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ያው ተዋናይ ሳቁ ጫፍ ላይ ደርሶ መውረድ ሲጀምር፣ ጨርሶ ሳይጠፋ፣ ቀጣዩን ቃል ያስገባል። በትዕይንቶች መካከል ያለው ጨለማም እንዲሁ ነው። በመጀመሪያው ምሽት ወንበርና ጠረጴዛ የሚያነሱት ሰዎች በዳበሳ ስለሚሠሩ ጨለማው ይረዝማል፤ ሳል ይጀምራል፣ የስልክ ብርሃን እዚህና እዚያ ብልጭ ይላል፣ ተዋናይዋ በቀደመው ትዕይንት ያነጸችው ስሜት ይበተናል። ጨለማው ባጠረ ጊዜ ተውኔቱ አንድ ቃል ሳይለወጥበት ሌላ ተውኔት ይመስላል። ጓደኞችዎ «ይንዛዛል» ሲሉ ያማረሩት ነገር ከድርሰቱ ይልቅ ከዚህ የመጣ ሊሆን ይችላል።

ሌላም ምክንያት አለ። የምርቃት ዕለት ተመልካች እንደሌላው ቀን ተመልካች አይደለም። ከአዳራሹ ብዙው የተዋንያኑ ቤተሰብ፣ የጸሐፊው ወዳጅ፣ የሙያ ባልደረባና የተጋበዘ እንግዳ ነው፤ ተዋናዩ ገና ብቅ ሲል የሚያጨበጭበው፣ ቀልዱ ሳያልቅ የሚስቀው በአብዛኛው ይህ ወገን ነው። ደስ የሚል ምሽት ነው፤ እኔም እወደዋለሁ፤ ነገር ግን በዚያ ሙቀት መካከል ተቀምጦ ስለ ተውኔቱ መፍረድ በጣም ይከብዳል። እርስዎ በዚያ ሙቀት ተሞልተው ሲደውሉ፣ ጓደኞችዎ ደግሞ ግማሹ ወንበር ባዶ በሆነበት የሥራ ቀን ሄደው ያንኑ ሙቀት ፈልገው ያጡታል።

አንድ ነገር ሳልነግርዎ እንዳላልፍ፦ ሁለተኛው ጊዜ ሁልጊዜ የተሻለ አይሆንም። ተዋንያን አንዳንድ ጊዜ ሳቅ ያገኙበትን ቦታ ይለጥጡታል፤ በድርሰቱ ውስጥ የሌለ ቃል ይጨምሩበታል፤ ኮሜዲ ከሆነማ በአንድ ወር ውስጥ በሩብ ሰዓት ረዝሞ ሊያገኙት ይችላሉ። ይህንንም ማየት ትምህርት ነው። ደግሞም ሁለተኛ ጊዜ ለመሄድ እግርዎ ካልተነሳ ተውኔቱ በእርስዎ ዘንድ ያለውን ቦታ ያን ጊዜ ያውቁታል፤ ማንንም መጋበዝ አያስፈልግዎትም።

ለሁለተኛ ጊዜ ሲቀመጡ ከሚናገረው ሰው ይልቅ የሚሰማውን ይመልከቱ። ታሪኩን ስለሚያውቁት ዓይንዎ ነጻ ነው፤ ዝም ብሎ ጥግ ላይ የቆመው ገጸ ባሕርይ የሚነገረውን እንደ አዲስ ይሰማዋል ወይስ የራሱ ተራ እስኪደርስ ይጠብቃል? ጽሑፉ ጥሩ ከሆነ የሚሰማውም ሰው የሚፈልገው ነገር ስላለ ተዋናዩ ሥራ አይፈታም። ደካማ ተውኔት ውስጥ ግን የማይናገር ሰው መቆሚያ ያጣል፤ እጁን የት እንደሚያደርግ ይቸግረዋል። ጓደኛዎ «ሁሉም ጥሩ ነው» ያለውን ቃል የሚያስተባብሉት በክርክር አይደለም፤ ይህኛው ለምን እንደያዘኝ፣ ያኛው ለምን እንዳመለጠኝ ብለው ቦታውን በጣት ማሳየት ሲችሉ ነው።

ድርሰቱ ታትሞ ከሆነ በፊት ላንብበው ወይ ላሉኝም መልሴ አጭር ነው፤ በኋላ ያንብቡት። የአዲስ ተውኔት ትልቁ ስጦታ የሚቀጥለውን አለማወቅ ነውና ያን በገዛ እጅዎ አያጥፉት። የሰው ሂስም እንዲሁ ሁለተኛውን ጊዜ ካዩ በኋላ ቢነበብ ይጠቅማል።

ወደ ጓደኞችዎ ልምጣ። መጋበዝዎን አይተዉ፤ አጋባበዝዎን ይለውጡ። «ሳታዩ እንዳታልፉ» የሚለው ቃል ለተጋባዡ ስለ ተውኔቱ ምንም አይነግረውም፤ የሚነግረው እርስዎ ምን እንዲሰማው እንደሚጠብቁበት ነው፤ ያ ካልተሰማው ወይ ራሱን ይወቅሳል ወይ እርስዎን። የሳሙኤል ቤኬት «ጎዶን መጠበቅ» እ.ኤ.አ. በጥር 1953 ፓሪስ ውስጥ በትንሹ ባቢሎን ቴአትር ቤት ተመርቆ መነጋገሪያ ከሆነ በኋላ፣ በ1956 አሜሪካ ውስጥ ማያሚ ላይ ሲቀርብ ሁለት አህጉሮችን ያሳቀ ተውኔት ነው ተብሎ ማስታወቂያ ተነገረለት። ለመሳቅ የመጣው ሰው ሁለት ሰዎች በአንድ ዛፍ አጠገብ የማይመጣ ሰው ሲጠብቁ አገኘና ብዙው ሁለተኛው ገቢር ሳይጀመር ወጥቶ ሄደ። በቀጣዩ ዓመት በኅዳር ወር አንድ የሳን ፍራንሲስኮ ቡድን ያንኑ ተውኔት በሳን ኩዌንቲን ወህኒ ቤት 1,400 ለሚሆኑ እስረኞች አቀረበ። አዘጋጁ ኸርበርት ብላው ከመጀመሩ በፊት መድረክ ላይ ወጥቶ፣ እንደ ጃዝ ሙዚቃ ቁጭ ብላችሁ አድምጡት፣ የምታገኙበትን ታገኙበታላችሁ የሚል መንፈስ ያለው ነገር ነገራቸው። እስረኞቹ እስከ መጨረሻው በጽሞና ተከታተሉት። በእርግጥ እስረኛ መጠበቅ ምን እንደሆነ ማንም ሳይነግረው ያውቃል፤ ቢሆንም የብላው አነጋገር ለተመልካቹ ቦታ የሚተው ግብዣ ስለነበረ ልብ እንዲሉት እፈልጋለሁ።

ስለዚህ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ከመጥራት ይልቅ አንዱን ተውኔት ለአንዱ ሰው ያስቡለት። ከአባቱ ጋር ተኳርፎ የኖረ ጓደኛ ካለዎት የአባትና የልጅ ነገር የያዘውን ተውኔት ለእርሱ ያስቀሩት፤ ቀኑን ሙሉ በሥራ የደከመውን ሰው የሦስት ሰዓት ትራጄዲ ላይ አይውሰዱት። ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ፣ የሚያስቅ ወይም የሚከብድ መሆኑን፣ እርስዎን የያዘዎት የትኛው ነገር እንደሆነ፣ ያልወደዱለትንም ሳይደብቁ በሁለት ዐረፍተ ነገር ይንገሩት፤ ፍጻሜውን ብቻ ይተዉለት። ሲያልቅ ደግሞ ደረጃው ላይ ይዘውት «እንዴት ነው?» አይበሉት። ሰው ከአዳራሽ እንደወጣ የሚሰጠው መልስ አብዛኛውን ጊዜ የይሉኝታ መልስ ነው። መንገድ ላይ ስለ ሌላ ነገር እያወሩ ይሂዱ፤ ተውኔቱ የነካው ነገር ካለ ራሱ ያነሳዋል፤ ካላነሳውም መብቱ ነው። የከፋውን ጓደኛዎንም በዚሁ መንገድ አንድ ጊዜ እንደገና ይሞክሩት።

የቆዩትን ሥራዎች ፈጽመው መተውዎ ግን አላስደሰተኝም። ዛሬ የቆየ የምንለው ሁሉ አንድ ቀን አዲስ ሆኖ የተፈራ ነው። የአንቶን ቼኾቭ «የባሕር ወፍ» እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1896 ሴንት ፒተርስበርግ ላይ ሲመረቅ፣ ምሽቱ ለአንዲት ዝነኛ የኮሜዲ ተዋናይት ክብር የተዘጋጀ ስለነበር ተመልካቹ ሊስቅ መጥቶ አላገጠበት፤ ጸሐፊው ዳግም ተውኔት አልጽፍም ብሎ ነበር። በታኅሣሥ 1898 ሞስኮ ላይ አዘጋጆቹ ስታኒስላቭስኪና ኔሚሮቪች-ዳንቼንኮ በሚገባ ተለማምደው ሲያቀርቡት ግን ተውኔቱ ቦታውን አገኘ፤ ያቺም ወፍ የሞስኮው ቴአትር ቤት ዓርማ ሆነች። ከዚህ ለእርስዎ የሚተርፈው ነገር፣ ባለፉት ዓመታት በምርቃታቸው ዕለት አይተው የተለዩዋቸው ተውኔቶች በሌላ ቡድንና በሌላ አዘጋጅ እንደገና ሲቀርቡ «አይቼዋለሁ» ብለው እንዳይቀሩ ነው። አዲስ ተውኔት ሁለተኛ ዝግጅት ማግኘት ከመጀመሪያው ይልቅ ይከብደዋል፤ ቴአትር ቤቶች የመጀመሪያውን ክብር ይሻማሉ፤ ሁለተኛውን የሚደፍረው ግን ጥቂት ነው። እንደ እርስዎ ያለ ተመልካች የሚያስፈልገው እዚያ ነው።

የወጣቱን ረቂቅ በተመለከተ፣ መዘግየትዎ ከማንኛውም አስተያየት ይልቅ ይጎዳዋል። ጸሐፊ ዝምታን የሚተረጉመው በአንድ መንገድ ብቻ ነው። ስለዚህ በዚህ ሳምንት አንድ ምሽት ለይተው በእጅዎ እስክሪብቶ ሳይዙ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአንድ መቀመጫ ያንብቡት፤ ተውኔት የሚታየው ሳይቋረጥ ነውና የሚነበበውም እንደዚያው ቢሆን ይሻላል። በማግስቱ የሁሉንም ገጸ ባሕርያት ቃል ድምፅ እያወጡ ይድገሙት። በወረቀት ላይ ያማረ ቃለ ተውኔት አፍ ላይ ሲመጣ ይጎረብጣል፤ እስትንፋስ የማይበቃው ዐረፍተ ነገር፣ ሁለቱ ሰዎች ስማቸው ባይጻፍ የማይለዩበት ንግግር፣ እርስ በርስ የሚያውቁትን ነገር ለተመልካች ሲሉ ብቻ የሚነጋገሩበት ቦታ ያን ጊዜ ይጋለጣል።

ከዚያ ሲገናኙ የገባዎትን ታሪክ በራስዎ አንደበት ይተርኩለት። ይህ ከምስጋናም ከወቀሳም ይልቅ ይጠቅመዋል፤ እርሱ ስለ እህትማማቾቹ ቅናት ጽፌያለሁ ብሎ ሲያስብ እርስዎ ስለ ቤት ውርስ ጠብ ከተረኩለት፣ የጎደለው ምን እንደሆነ ራሱ ይደርስበታል። ቀጥለው ልብዎ የሸፈተበትን ገጽና የተጠጉበትን ገጽ ያሳዩት፤ ለምን እንደሆነ ባያውቁም ቦታውን መንገር ይበቃል። እንዴት እንደሚታረም ግን አይንገሩት፤ ጸሐፊው እርሱ ነው፤ በታወቁ ጸሐፊዎችም አይመዝኑት። ከተቻለ ጥቂት ማንበብ የሚችሉ ሰዎች ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ተካፍለው እንዲያነቡለት ያግዙት፤ እርሱ አንድም ገጸ ባሕርይ ሳይወስድ፣ ማብራሪያም ሳይሰጥ እየሰማ ብቻ ይቀመጥ። የሚያነቡት ሰዎች የተሳሳቱበትንና ሳያስቡት የሳቁበትን ቦታ ምልክት ቢያደርግ ለሚቀጥለው ረቂቅ የሚበቃ ሥራ ያገኛል።

«ጥሩ ነው ወይ?» ብሎ በቀጥታ ቢጠይቅዎ፣ ለመድረክ መብቃት አለመብቃቱን በወረቀት አይቶ መወሰን ለአዘጋጆችም እንደሚከብድ ይንገሩት። ከወደዱት ግን መውደድዎን አይሸሽጉት፤ አዲስ ነገር ስለሚወዱ ነው ይባልብኛል ብለው መፍራትዎን ትተው፣ የወደዱትን ትዕይንት በገጹ ጠቅሰው ይንገሩት።